በየትኛው አስራ አንድ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ጋሼ ግርማን ላስገድላቸው ነበር። የካ ዳገቱ ላይ በምንሠራው ሕንጻ የሊፍት ጉድጓድ ወርደው የሐዲዱን ብሎን እንዲያጠብቁ የሥራ ፈቃዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊፍቱ ከላያቸው ተንጠልጥሏል። እንዳይወርድባቸው ኤሌክትሪኩ እስከ 11 ሰዓት ጠፍቶ እንዲቆይ ጻፍኩ። ቅጹ የፈረንጅ ነው፤ እኔ የሞላሁት ሰዓት ግን የኛ። ጠዋት ይሁን ከሰዓት አላልኩም።

አምስት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ስደርስ ኤሌክትሪሺያኑ ዳዊት የማብሪያ ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ዘርግቷል።

«ዳዊት! ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አለ!»

«ፈቃዱ አልቋል እኮ» አለኝ ስልኩን እያሳየኝ። «ይኸው፣ አስራ አንድ።»

«በኛ ነው እንጂ! ገና ስድስት ሰዓት ይቀረዋል።»

እጁን ሰበሰበ። ፊቱ አመድ መሰለ። የኔንም አላየሁት እንጂ ከሱ አይሻልም።

ሥራውን አስቁሜ ጋሼ ግርማን አወጣኋቸው። የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ። «እኔ እንኳ የምሞተው በሐበሻ ሰዓት ነው» አሉ። ዳዊት አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ አዲስ ፈቃድ ጻፍኩ። «ከቀኑ 11፣ በኢትዮጵያ» ብዬ የፈረንጁን ከጎኑ አኖርኩ። ጋሼ ግርማ አንብበው እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ሳያሳርፉበት ፈረሙ።

«ጋሼ፣ ያንብቡት እንጂ።»

«አንተ ጽፈኸው የለ እንዴ?» አሉና መሰላሉን ይዘው ወረዱ።