የአፍንጫዬ ቁንጭርና የስመኝ ሠርግ

ታኅሣሥ 6፣ ከሰዓት
ዛሬም መርፌ። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ቤታችን እስከ ደባርቅ በእግር፣ ጤ/ጣቢያ ወረፋ፣ ከዚያ ቂጥ ላይ መወጋት። ያንገበግባል! ሲስተሯ አይዞሽ ትላለች። አይዞሽ ምን ያደርግልኛል? ግን አፍንጫዬ ላይ ያለው የቁንጭር ቁስል ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። መስታወት አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ለሠርጌ ይደርሳል፣ ማስታወሻዬ። ጥር ላይ ጌታነህ ያገባኛል።

ታኅሣሥ 9
እማዬ አሁንም የሌሊት ወፍ ሸንታብሽ ነው ትላለች። ሲስተሯ ያለችኝን ነገርኳት፤ ከገደሉ ሽኮኮዎች ደም የምትመጥ፣ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፣ ሰውንም ትነክሳለች፣ በሽታውን የምታመጣው እሷ ናት። እማዬ ሳቀችብኝ። ዝንብ አፍንጫ ስትበላ አይታ አታውቅም።

ታኅሣሥ 13
አባዬ መርፌውን አስቆመኝ። ጸበል ግቢ፣ ጸበልና መርፌ አብሮ አይሄድም አለ። ቄሱ እንኳ ሁለቱንም ያዢ ብለውኝ ነበር። አባዬ እግር ላይ ወደቅሁ። ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አባቴ ነው፣ ግን ሞኝ ነው። ጻፍኩት።

ጥር 2
ከጸበል ተመለስኩ። ቁንጭሩ ወደ ላይኛው ከንፈሬ ወርዷል። ዛሬ የጌታነህ ሽማግሌዎች መጡ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ጠላው ተጠንስሷል፣ በሬው ተገዝቷል፣ ድግስ አይበላሽም ተባለ። ታናሿስ? አሉ። አባዬ እሺ አለ። ስመኝን! ንፍጧን እየጠረግሁ ያሳደግኋትን!

ጥር 3
ጌታነህ ብቅ አላለም። እግዜር ይይለት። ስመኝ ስታለቅስ አደረች፣ ጠዋት የሠርግ ቀሚሴን ለበሰችው። ልኳ ሆነ።

ጥር 14፣ ከሰዓት
ለነገው ሠርግ ለስመኝ ሹሩባ እየሠራሁላት ነበር። ፊቷን ወደ ብርሃን ሳዞረው አየሁ። ጉንጯ ላይ ሽንብራ የምታህል ቀይ እብጠት። አታምም፣ አታሳክክም። የኔም እንዲህ ነበር የጀመረው። ምንድነው አለችኝ። ብጉር ነው አልኳት።
ሲስተሯ ገና ሲጀምር ብትመጪ ኖሮ ጠባሳውም ትንሽ ይሆን ነበር ብላኛለች። ብናገር ሠርጉ ይፈርሳል፣ ጉንጯ ይተርፋል። እህቴ ናት። ግን የኔ ሲፈርስ ማን ተናገረልኝ? ደግ አደረግሁ! አይ፣ ነገ እነግራታለሁ። ጠዋት።

ጥር 15
አልነገርኳትም። እብጠቱ ላይ ቅባትና ፓውደር ደረብኩበት። አማረባት። ጌታነህ መጣ፣ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ዘመድ ሁሉ ከሩቅ ሰላም ይለኛል፣ ቁንጭሩ እንዳይጋባበት። ስመኝ ልትሄድ ስትል ግን አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ቁስሌ ላይ። ከዚያ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ።
መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ተንቀሳቀሰ። ስመኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ እልልታ ነው።