እሳቱን ራሳቸው አላነደዱም

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬም ተንቀጠቀጠ። ምሳ ላይ ነበርኩ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለበት ሠራ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳህኖቹ ተንጫጩ። ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ጫልቱ ልጇን ታቅፋ እየጮኸች ወጣች። ግቢው ሁሉ ወጣ። እኔ ሽሮዬን ጨረስኩ።

ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ፀጉር ያህል ነበር፤ አሁን ጥፍር ያስገባል። በላዩ ላይ ወረቀት በሙጫ ለጠፍኩበት። ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። ግንበኞች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

አመሻሽ ላይ ታናሽ እህቴ ጽጌ ከመተሐራ ደወለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ ብቻዋን ናት። መንቀጥቀጡ እነሱ ዘንድ ከእኛ ከአዳማ ይብሳል፤ ጎረቤቶቿ ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። ምን እንደሚሻላት ጠየቀችኝ። እኔም የሚገባውን ነገርኳት።

«ከፈተና የሚሸሽ አክሊል የለውም። ቤትሽ ተቀመጪ፣ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ። ገብርኤልም ቀርቧል።»

«እሺ እትዬ» አለች።

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እሺ ካለች እሺ ነው። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ወረቀቱ ተቀዷል። ሌላ ለጠፍኩ።

ጫልቱና ባሏ ግቢው መሐል ሸራ ወጥረው ፍራሻቸውን አወጡ። ልትጠራኝ መጣች። አኮ ነው የምትለኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። ከቤቴ እንደማልወጣ፣ ጠባቂ እንዳለኝ ነገርኳት።

«አኮ፣ እግዜር እኮ ሸራ ሥርም ይገባል» አለችና ሳቀች። አፈ ጮሌ ናት።

ልጅ ሆኜ ዳዊት ስንደግም የኔታ ቀና ማለት አይፈቅዱም ነበር። አንድ ቀን ዐውሎ ነፋስ የዳሱን ክዳን ገንጥሎ ወሰደው፤ ዝናቡ ወረደብን። መጽሐፋችንን በጉያችን ሸሽገን በቃላችን ቀጠልን። የተነሡት ተገረፉ። እምነት ማለት አለመነሣት እንደሆነ የዚያን ዕለት ገባኝ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ኖሬአለሁ።

የሰፈሩ ውሾች ከማለዳ ጀምሮ ይጮኻሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። የሚከፋው ዝም ሲሉ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ከቅዳሴ በኋላ ከንስሐ አባቴ ጋር ተቀመጥኩ። ልጅ እግር ቄስ ናቸው፤ ንባባቸውን ሁለት ጊዜ አርሜአቸው አውቃለሁ፤ አይቀየሙም። የጽጌን ነገር አነሣሁ። እንዲያመሰግኑኝ ጠብቄ እንደነበር አሁን ስጽፈው ይታየኛል።

አላመሰገኑኝም። መስቀላቸውን እያገላበጡ ቤቷ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ። አሮጌ የብሎኬት ቤት ነው አልኳቸው። ተሰንጥቋል ወይ አሉኝ። እንዳልጠየቅኳት ነገርኳቸው። ነገሩ ያሳፍር ስለነበር ቶሎ ብዬ ሠለስቱ ደቂቅን ጠቀስኩ፤ ከነዲዱ እሳት ፊት አልሸሹም አልኩ።

«አልሸሹም» አሉ። «ግን እናቴ፣ እሳቱን ራሳቸው አላነደዱም።»

ቀጥለውም ሰይጣን ጌታችንን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አውጥቶ ራስህን ወርውር ያለው ከዳዊት እየጠቀሰ እንደነበር አስታወሱኝ። እኔን ለማስታወስ! ተናድጄ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ መልስ ፈለግሁ። በቃሌ የማውቀው ምዕራፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለጽጌ ደወልኩ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትላለች። ደግሜ ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም።

ወረቀቱ እንደገና ተቀዷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ተበላሽቷል። አሁን ግን የሚንቀጠቀጠው መሬቱ ሳይሆን ሞተሩ ነው።

ጠዋት ጽጌ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። የማድ ቤቱ ግድግዳ ወድቋል። ጎረቤቶቿ ሜዳው ላይ ሰፍረዋል፤ መብራት የለም፣ የስልኳም ባትሪ እያለቀ ነው። «እኔ ግን እርስዎ እንዳሉት ቤቴ ነኝ» አለች። «ውጪ!» ልላት አፌን ስከፍት ተቋረጠ። ጮኼ ብናገርም ማን ይሰማኛል? እንደገና ደወልኩ፣ ደወልኩ።

ጫልቱን ጠራኋት። አልሳቀችብኝም። ነጠላዬን አስተካክላ መናኸሪያ ወሰደችኝ። ወደዚያ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ የቁልቢ ተሳላሚዎችን የጫነ አንድ አውቶቡስ ብቻ ነበር። ከረዳቱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ ከፊት አስቀመጠችኝ።

ሰዉ የስለት ጥላውን ይዞ ይዘምራል። ዜማውን ያበላሹታል፤ አላረምኳቸውም። ወለንጪቲን አልፈናል። ከወዲያ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ፍራሽና ፍየል፣ በላያቸውም ሕፃናት ጭነዋል። እነሱ እየወጡ ነው፣ እኛ እየገባን ነው።

ልጸልይ ሞከርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጸልይ መልሱን ለእግዚአብሔር አስቀድሜ እየነገርኩት ኖሬአለሁ፤ አስተማሪ ሳለሁ የተማሪ ደብተር አርም እንደነበረው ሁሉ። ዛሬ መልሱ ከእኔ ጋር የለም። አቤቱ ጽጌ፣ አቤቱ ጽጌ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የበሰቃ ሐይቅ ታየ። ውኃው አስፋልቱ ጥግ ድረስ መጥቷል። የሚዘምሩት ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19፣ መተሐራ

ትናንት የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

የጽጌ ቤት በር ተጣሞ አልከፈት አለኝ። በመስኮት አየኋት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ውዳሴ ማርያሟ ጭኗ ላይ ነው። ፀጉሯ በአቧራ ነጥቷል። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ የነበረው ስንጥቅ ክንዴን ያስገባል። ወረቀት የሚለጠፍበት አልነበረም።

«እትዬ! በዚህ መንገድ እንዴት መጡ?»

«ተነሺና ውጪ። የነገርኩሽ ስሕተት ነው።»

አልተነሣችም። «ታዲያ አክሊሉስ?» አለች። እያሾፈች አልነበረም።

ያን ፈተና ያዘዝኩባት እኔ እንጂ እግዚአብሔር እንዳልሆነ ነገርኳት። ይህን በጩኸት ነው ያልኩት፤ እግሬ ሥር መሬቱ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። መጽሐፏን ስማ ተነሣች። በሩን እሷ ከውስጥ ስትስብ እኔ ከውጭ ስገፋ የምታልፍበት ያህል ተከፈተ። ሜዳው ድረስ እጇን አልለቀቅሁም።

ጎረቤቶቿ ሸራ ሥር ቦታ ሰጡን። ይህን ያህል ፈርታ ለምን እንዳልወጣች ጠየቅኳት። ነጠላዋን እያራገፈች ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችልኝ።

«እግዜርማ ሜዳም ላይ ይሰማኝ ነበር። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ቤቱ አልወደቀም። ከዚህ ይታየኛል። ቢወድቅ ኖሮ እግዚአብሔር አስቀድሞ አወጣን እል ነበር። ቆሟል፤ ምንም አይመሰክርልኝም። ከፈንታሌ ተራራ ወዲያ ጭስ ይወጣል፤ ደመና ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ።

ዛሬ ገብርኤል ነው። ታቦቱ ሲወጣ ሜዳ ላይ ነበርን። ሦስቱ ልጆች አምላካችን ያድነናል ብለው አልቆሙም፤ ባያድነንም እንኳ ብለው ጨመሩ። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ያችን ጭማሪ ግን በፍጥነት ነበር የማልፋት። እልልታው መሐል መሬቱ እንደገና ተናወጠ። ሰዉ ተንበረከከ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ጸሎቱ ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ መጣ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። እንዲህ አብረው መኖር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21፣ አዳማ

ትናንት ከጽጌ ጋር ገባን። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። ሌላ አልለጠፍኩም።

ጫልቱ ሳታስፈቅደኝ አልጋዬን ሸራው ሥር አውጥታ አንጥፋልኛለች። አንሶላውን ገልብጣ ነው ያነጠፈችው። አስተካከልኩትና አመሰገንኳት። «አኮ፣ እንኳን ወደ ውጪ በሰላም ገባሽ» አለችኝ። ጽጌ ሳቀች፤ እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

የጽጌ ጎረቤቶች ደውለው ነበር። ቤቷ እስካሁን ቆሟል፤ አንዳንዶቹ ሊመለሱ ያስባሉ፤ ሌሎቹ ገና ትልቁ ይመጣል ይላሉ። ማን እንደሚያውቅ የሚያውቅ የለም።

አሁን ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ውሾቹ ሲጮኹ ቆይተው ዝም አሉ። ጽጌ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ዕቃችንን ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ ወይስ እንቆይ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። አየችኝ፣ አየችኝና ውዳሴ ማርያሟን ከፈተች። እሷ እያነበበች እኔ እከተላታለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለበት እየሠራ ነው።