ማኅተም ስለመታችሁበት ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም በሚመሩት ሆስፒታል መታከም ሳያስፈልጋችሁ የሚዘልቅ ጤና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጄ ቶንሲሏን ልታስወጣ ወደ እናንተ የመጣችው እየዘለለች ነበር። በዘር የሚተላለፍ፣ ሰውነቷ ስብን ወደ ጉልበት እንዳይለውጥ የሚያደርግ እምብዛም የማይገኝ ሕመም ነበረባት፤ ሆዷ ለሰዓታት ባዶ ከሆነ የደሟ ስኳር ተሟጦ ራሷን ትስታለች። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሟ፣ እህል ከተከለከለችበት ሰዓት ጀምሮ ግሉኮስ በደም ሥሯ እንዲሰጣት፣ ተራዋም የመጀመሪያ እንዲሆን የሚያሳስብ ደብዳቤ አስይዘውን ነበር። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መዝገብ ቤታችሁ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መትቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ በክብር አስቀመጠው። የማደንዘዣ ክፍሉ የሚያነበው የራሱን ቅጽ ብቻ ነውና ደብዳቤው ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ቅጹ የሚጠይቀው «አለርጂ አለባት?» ብሎ ስለሆነ፣ ባለቤቴ አለርጂ ሳይሆን ሌላ ሕመም እንዳለባት ስታስረዳ፣ የተከበሩት ነርስ «እንግዲያው የለባትም» ብለው ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሞሉት። ጥፋቱ የልጄ ነው፤ በቅጹ ላይ ቦታ ያለው በሽታ መርጣ መወለድ ነበረባት።

ሁለተኛ፦ የጠዋት ተራዋ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የተገፋው የአንድ ወዳጅዎ አፍንጫ እንዲቃና ነበር። ራበኝ እያለች ስታለቅስ ግሉኮስ እንዲሰቀልላት ብንለምን፣ ያለ ማደንዘዣ ባለሙያው ትእዛዝ እንደማይሆን፣ እርሳቸውም አፍንጫው ላይ እንደተጠመዱ ተነገረን። አፍንጫው ዛሬ ቀጥ ብሎ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልነቃ ስትል «ማደንዘዣው አለቀቃትም፣ ትተኛ» ተባልን። የስኳር መለኪያው ከራስጌዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እኔ ሱሪ ለመቁረጥ እንኳ ሁለት ጊዜ እለካለሁ፤ እናንተ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴም አልለካችሁም። እንዲህ ጸጥ ያለች ልጅ አይተው እንደማያውቁ የነገሩን ነርስ እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬም ጸጥ እንዳለች ናት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሯ በኋላ ያቋቋማችሁት ኮሚቴ «መመሪያው በሚገባ ተከብሯል» ብሎ ጽፎልናል። ልጄ ብትሞትም መመሪያው በሙሉ ጤንነት ላይ መሆኑን በመስማታችን ተጽናንተናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመጨረሻ ልብሷን ሊሰፋ ሁለት ጊዜ የለካት አባቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታናሽ እህቷም ያንኑ ሕመም ወርሳለች፤ እርሷም ቀዶ ጥገና ይጠብቃታል። የሕፃናት ሐኪሙ በሕይወት ስለሌሉ፣ ለሌላ ሆስፒታል እናሳየው ዘንድ ያንን ደብዳቤ እንዲመልሱልን መዝገብ ቤታችሁን ጠይቀን ነበር። ታካሚዋ ራሷ በአካል ካልቀረበች እንደማይሰጥ ነግረውናል። እንግዲህ ሄዶ የሚያመጣት ሰው ይመድቡልን፤ መንገዱን ያስጀመራችኋት እናንተ ናችሁ።