ስሟን ማን ያውጣ?

መስከረም ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዝናቡ ገና አልጨረሰም። ጣሪያው በአልጋዬ በኩል ያፈሳል። ለዳኘው ደጋግሜ ነገርኩት፤ ሣር አልደረሰም ይላል። የሚስቴ ወንድም ነው። ጣሊያን የተማረ ሰው እያደነ ሲገድል ከአዲስ አበባ ሸሽተን ስንመጣ ቤቱ ያስጠጋን እሱ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር እችለዋለሁ።

ልጅቱ ሦስት ቀኗ ነው። ጤነኛ ናት። ጩኸቷ ከማዶ ይሰማል... ደስ ይላል።

ስሟን ሚዛን ብያታለሁ። ቤይሩት ድረስ ሄጄ ሕግ የተማርኩት ለምን ነበር? ቀጥ ብሎ የሚመዝን ነገር በአገሬ እንዲኖር አይደለም? አልኖረም። ቢያንስ በቤቴ ይኑር። ደግሞ አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንም አልያዘውም። ከቡሬ እስከ ደንበጫ ሚዛን የምትባል ሴት ቢፈልጉ አያገኙም።

ዳኘው ሰምቶ ሳቀ። «ሸጋ ነው ጋሼ። ወንድሟ ሲመጣ ቁና እንለዋለን።»



መስከረም ፲፬

የሚስቴ እናት እማማ አልጣሽ መጡ። ስሙን ነገርኳቸው። 

«ጥጥ መመዘኛው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«የሰው ልጅ ናት እኮ።»

እሳቸው የሚፈልጉት ማስረሻ እንድትባል ነው። ከዚህች በፊት ሁለት ወልደን ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ አልፈዋል። እነሱን እንድታስረሳ። አይሆንም! ይህች ልጅ ራሷን ልትሆን ነው የተወለደችው። የሌላ ሰው ማስረሻ አትሆንም።

የነፍስ አባታችን ቄስ ክንፈሚካኤልም አስተያየት አላቸው። «የክርስትና ስሟ የኛ ሥራ ነው፤ የዓለሙ እንደ ወደዳችሁ» ካሉ በኋላ እንደ ወደድነው አልተዉንም። «ብቻ ማርያም የሚል ቢገባበት...» ማን ጠየቃቸው?

መስከረም ፲፮

አንድ ሰው ስንት ጊዜ መናደድ ይችላል?

እማማ አልጣሽ ዛሬ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ለካ የልጅቱን ስም እኔም እሳቸውም አናወጣም! ሾተላይ ነው ይላሉ። በዚህ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለሌላ ሴት ትሰጣለች። ያቺ ልጄ ናት ብላ ትወስዳለች፣ ስም ታወጣለች፣ ከዚያ አሳድጉልኝ ብላ ትመልሳለች። ክፉው ነገር ያን ቤት ልጅ የለበትም ብሎ ያልፋል። ሰጪዋ ሚስቴ እህተ ማርያም፣ ተቀባይዋ የቡሬዋ ጥጥ ነጋዴ ናዚፋ። ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ይህ ከንቱ እምነት መሆኑን አስረዳሁ። በሽታ ከምን እንደሚመጣ አስረዳሁ። ውሃ ማፍላት፣ እጅ መታጠብ... ዳኘው እንቅልፍ ወሰደው።

ሚስቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ሁለቱን ጊዜ እርስዎ እንዳሉ ሆነ» አለች። «አሁን እንደኔ ይሁን።»

 

መስከረም ፳

እሺ ብያለሁ። ግን የተማረ ሰው መላ አያጣም።

ጋቢ ተከናንቤ፣ ዱላ ይዤ፣ እንደ ባላገር ሆኜ ቡሬ ገባሁ። ከጣሊያን ምሽግ በታች የቆመው ባንዳ ቀና ብሎም አላየኝ። እግዜርን ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ይህን ያህል ተራ ሰው እመስላለሁ?

ናዚፋ ጥጥ እየመዘነች አገኘኋት። ሰፊ ፊት፣ ትልቅ ድምፅ። ባሏ ጠሃ ነጋዴ ነው፤ በግንቦት ወደ ወለጋ ተሻግሮ ዓባይ ሞላ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ እስካሁን አልተመለሰም። የመጣሁበትን ነገርኳት። ልጅቱን ስትቀበል ሚዛን በያት አልኩ።

የያዘችውን ሚዛን ከፍ አድርጋ አየችው። «ምን ክፋት አለው? ወላሂ እኔን ሲያበላኝ የኖረ ዕቃ ነው። እሺ ጋሼ።»

ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኳት። እንዴት ያለች አስተዋይ ሴት ናት!

መስከረም ፳፬

ዛሬ ሆነ።

ናዚፋ ጠዋት መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም። አንድ እፍኝ ጨውና አንድ እቅፍ ጥጥ በደጃፉ ላይ ለእህተ ማርያም ሰጠች፤ ልጅቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ተቀበለች፤ ዞር ብላ ሳታይ ጎረቤት ቤት ሄደች። ልማዱ እንደዚያ ነው። ሚስቴ ጥጡን ታቅፋ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። 

ናዚፋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። ሁላችንም ደጅ ቆመናል። ቄስ ክንፈሚካኤል እንኳ «በዚህ ሳልፍ» ብለው መጥተዋል። እኔ ውስጥ ውስጡን ፈገግ ብያለሁ። ሳይ እማማ አልጣሽም ፈገግ ብለዋል። ዳኘውም። ቄሱም። ነገሩ ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

«ልጄን አሳድጉልኝ» አለች ናዚፋ። «ስሟ ተሻገሪ ነው።»



«ማስረሻ አላልሽኝም?» አሉ እማማ አልጣሽ።

«ለኔ ክብሯ ማርያም እላታለሁ ብላኛለች!» አሉ ቄሱ።

«ሸጋዬ በያት ብዬሽ ነበር እኮ...» አለ ዳኘው በቀስታ።

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች። እሷም አደይ እንድትላት ልካባት ኖሯል!

ናዚፋ ምንም አላፈረችም። «ሁላችሁም ቤቴ መጣችሁ፣ ላካችሁ። እንግዳ እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ። ልጅቱ ግን የማን ናት? የኔ አይደለችም?»

እህተ ማርያም ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሸሸን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

መስከረም ፳፭

ተሻገሪ። ይህ ስም ነው ወይስ ትእዛዝ? ምኑን? ወዴት? በየትኛው ድልድይ?

ጥቅምት ፫

«ልጄ» ማለት ተከልክያለሁ። «የናዚፋ ልጅ እንዴት አደረች?» እያልኩ መጠየቅ አለብኝ። በገዛ ቤቴ! ቤቱ የኔ አይደለም እንጂ።

ጥቅምት ፲

ናዚፋ ልጇን ልታይ መጣች። ለምን ተሻገሪ እንዳለቻት ጠየቅኋት።

«ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ማዶ የመጣ መንገደኛ ባየሁ ቁጥር ዓባይ ያሻግራል ወይ ስል ከረምኩ፣ ጋሼ። ተሻገረ ከሚል ወሬ የሚበልጥብኝ የለም። ልጅቱም የምትሻገረው አለባት።»

ስም በግል ጉዳይ አይወጣም አልኳት። ሚዛንስ የማን ጉዳይ ነበር አለችኝ።

ጥቅምት ፲፱

ሳል ጀምሯታል። ትንሽ ነው። ትንሽ ነው እላለሁ።

ጥቅምት ፳፩

ትኩሳት። ጡት እምቢ ብላለች። የፊተኞቹም እንዲህ ነበር የጀመራቸው... ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ በጨርቅ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ሌላ የማውቀው የለም። እህተ ማርያም ደረቷ ላይ አድርጋ «ተሻገሪ፣ ተሻገሪ» ትላለች። ሲደክማት ተቀበልኳት። እኔም አልኩ። እንደ ትእዛዝ ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ፣ ተቆጥቼ፣ ለወታደር እንደሚነገር።

ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሚዛን ብዬ ብጣራ ምን እላት ነበር?

ጥቅምት ፳፫

ጠባች! ጡቱ ዘገየ ብላ ተቆጣች፣ እግሯን አወራጨች፣ ቤቱን አደበላለቀችው። ቁጣዋ የኔ ነው። ልጄ... የናዚፋ ልጅ ማለቴ ነው።

ኅዳር ፲፩

ጠሃ መጣ። ሁለት በቅሎ ይዞ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ናዚፋ ቀኑን ሙሉ ስትሰድበው ዋለች አሉ። በጣም ደስ ብሏታል ማለት ነው።

ኅዳር ፳፰

ክርስትና ተነሣች። ቄስ ክንፈሚካኤል ወለተ ኪዳን አሏት፤ ማርያም በዓለም ስሟ ስላልገባ አሁንም ቅር ያላቸው ይመስላሉ። ናዚፋና ጠሃ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ጠበቁን። ከእናቷ ቀጥሎ የታቀፈቻት ናዚፋ ናት።

ከደንበጫ የመጣው የሚስቴ አጎት ልጅ እጅጉ ድግሱ ላይ ጠላውን እየጠጣ የዓለም ስሟን ጠየቀ። ነገርኩት። ሳቀ።

«ተሻገሪ? ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው? ወዴት ነው የምትሻገረው?»

«ወደፈለገችው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። እንዲህ ያለ ስም በአገሩ እንደሌለ፣ ለማውጣትም ጭንቅላት እንደሚጠይቅ፣ እሱ አራት ልጆች ወልዶ አንድም የሚረባ ስም እንዳላወጣ ነገርኩት። አንድ በአንድ ጠርቼ ምክንያቱን ሰጠሁት። እማማ አልጣሽ ጋቢዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ናዚፋ ከወዲያ ማዶ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

ሰው ሲበተን ዳኘው ጠጋ አለኝ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለ፤ እየቀለደ አልነበረም። «ለኛም ደህና ስም ያውጡልን።»

«ቡሬ ሂድና ናዚፋን ለምን» አልኩት። «ምን እንድትል ግን እንዳትነግራት።»