ዓርብን ጠብቁ ላለን የቤት ብድር ማኅበር

ለደቡብ ባሕር የቤት ብድር ማኅበር ዋና ዳይሬክተር
ለክብርት ወይዘሮ ሜረተ ስካውሆልም

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል፤ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የማኅበርዎ ትርፍ ሦስቱም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ለሦስተኛው እንኳን ብዙም አልሰጋም፤ ዓመታዊ ሪፖርታችሁን አንብቤዋለሁ። እኔ ዕድሜዬን በፌሪ መርከብ ሞተር ክፍል የጨረስኩ፣ በማርስታል ወደብ የምኖር፣ ኢቫር ክሮግስቤክ የምባል ጡረተኛና የማኅበርዎ ታማኝ ደንበኛ ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ስደውል ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው እያለ ያስጠበቀኝ ማሽን መልእክቴን እንዳላደረሰልኝ ስለጠረጠርኩ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ቶቬ የተወለደችበትን ቤት እናቷ ሲሞቱ ከእህቷ ከኤሊን ጋር እኩል ወረሰች። ኤሊን ከባሏ ተፋትታ ኦደንሴ ከተማ ላይ አዲስ ኑሮ ስለጀመረች ድርሻዋን በገንዘብ ትፈልጋለች፤ አልፈርድባትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልናት ቤቱ ለገበያ ይወጣል፤ በእኛ መንገድ ለገበያ የወጣ ቤት ደግሞ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ መስኮቱን የሚከፍት የኮፐንሃገን ሰው እጅ ይገባል። ቶቬ ይህን እያሰበች ምግብ እምቢ ብሏት ነበር። ስለዚህ የአንድ ሚሊዮን ተኩል ክሮነር ብድር ጠየቅን፤ ማኅበርዎም በደስታ ፈቀደልን። እንደምናውቀው ማኅበርዎ ከኪሱ አያበድርም፤ በስማችን ቦንድ ሸጦ የተገኘውን ይሰጠናል። ብድሩ በተፈቀደበት ማክሰኞ ቦንዳችን ከመቶው ዘጠና ስምንት ያወጣ ስለነበር ገንዘቡ ለኤሊን ድርሻ ልክክ ይል ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ቶቬ ሁለት ሺህ ክሮነር ከፍለን የማክሰኞውን ዋጋ፣ ገንዘቡ እስኪከፈለን እንዳይለወጥ፣ እናስቆልፈው ብላ ነበር። እኔ ግን ቁርሴን እየበላሁ የዋና ኢኮኖሚስትዎን የዶክተር ላሴ ቪንደሎቭን የጠዋት መልእክት ሳነብ፣ «ለማስቆለፍ የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ እስከ ዓርብ ክፉ ነገር አይመጣም» የሚል አገኘሁ። ዓርብ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ደካማ ይሆናል፤ ወለድ ይወርዳል፤ የእኛም ቦንድ ይወደዳል ተባለ። እኔም ሚስቴን ቁጭ አድርጌ ስለ አሜሪካ አስተማርኳት። በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ኢቫር፣ ስለ አሜሪካ ምን አገባን? ቤቱ እኮ ያለው እዚህ ነው» አለችኝ። ሳቅኩባት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ዓርብ አመሰግናለሁ። በአገራችን ልደት ወይም ሌላ ደስታ ያለበት ቤት ባንዲራ ይሰቅላልና ቁጥሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እስኪወጣ አላስችል ብሎኝ ከጠዋቱ ሰቀልኩ። ጎረቤታችን ሪግሞር ባንዲራውን አይታ የልደት ቀን መስሏት ኬክ ጋግራ መጣች። ገና ቁጭ ከማለቷ አሜሪካኖች ከተጠበቀው በላይ በብዛት ተቀጠሩ የሚል ዜና መጣ። እንኳን ደስ ያላቸው፤ ሥራ በማግኘታቸው ቅሬታ የለኝም። ቦንድ ገዢዎች ግን ይህ ሁሉ ሰው ደመወዝ ከበላ ነገር ሁሉ ይወደዳል፣ ከፍ ያለ ወለድ ካልተሰጠን አንገዛም አሉና ቦንዳችን ወደ ዘጠና ስድስት ተኩል ወረደ። ሪግሞር ልደቱ የማን እንደሆነ ስትጠይቅ ቶቬ ኬኩን እየቆረሰች፣ «የኢቫር ሞኝነት ነው፤ ዛሬ ሦስት ቀን ሞላው» አለቻት። ኬኩ ግን ግሩም ነበር።

ሦስተኛ፤ ሰኞ ዶክተር ቪንደሎቭ ገበያው ተደናግጦ ነው፣ እስከ ረቡዕ ታገሡ ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። ታገሥኩ። ረቡዕ የአሜሪካ የዋጋ ንረት ቁጥር ወጣ፤ ኑሮው ከታሰበው በላይ ተወዷል። ቦንዳችንም እንደገና ወረደና ዘጠና አምስት ላይ በገዛ እጄ አስቆለፍኩት። አርባ አምስት ሺህ ክሮነር ጎደለን፤ ብድሩን ለመጨመር ብጠይቅ የብድር ጣሪያዎ ላይ ደርሰዋል አላችሁኝ።

አራተኛ፤ በትሕትና የተጻፈው የማጽናኛ ደብዳቤያችሁም ደርሶኛል። ቦንዱ ከዚህም በላይ ከረከሰ የራሴን ዕዳ በርካሽ መልሼ ገዝቼ ላተርፍ እንደምችል ይገልጻል። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማላውቃቸው አሜሪካውያን ሁሉ ሥራና የደመወዝ ጭማሪ ከልቤ እየተመኘሁ እገኛለሁ።

አርባ አምስቱን ሺህ ከየት አመጣኸው ቢሉኝ፣ አክስት ማረንን ሸጬ ነው። አክስት ማረን ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች የእንጨት ጀልባዬ ናት። ኤሊን ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ድርሻዋን ተቀበለች፤ ቤቱም የቶቬ ሆነ። ነገም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ፤ ቶቬ አሁን ሁለት ሳህን ትበላለች። ቢሆንም ጀልባዋን አስረክቤ ስመለስ አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ለመዝገብዎ ያህል አሳውቃለሁ።

የማኅበርዎ ወንበሮች ይመቹ፣ ትንበያዎቹ ይባዙ፣ የሚያነቧቸው ግን ይቀንሱ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ወለዱን እስከ ሠላሳ ዓመት ያለማቋረጥ ለመክፈል ቃል የገባሁ፣

አክባሪዎ
ኢቫር ክሮግስቤክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ጀልባዬን የገዙት ከእኛ ቤት ቀጥሎ ያለውን ሦስተኛ ቤት ለበጋ ማረፊያ የገዙ ትሑት የኮፐንሃገን ሰው ናቸው። ዋጋ እንኳን አልተከራከሩም። ቶቬ ስለ ቤት ብድር ጣጣ ስታነሣባቸው፣ «እኛስ ተመስገን፣ ማክሰኞውኑ አስቆለፍነው» አሏት። የሽያጩን ወረቀት ሲፈርሙ ስማቸውን አነበብኩ፤ ላሴ ቪንደሎቭ ይላል። ከዚያም በብርዱ ወራት ደረቅ መሬት ላይ የቆመችውን ጀልባ ከሥሯ ጎንበስ ብለው አይተው፣ እንጨቱ ደርቆ የተከፈተው ስንጥቅ ውሃ ላይ ሳትወርድ መደፈን ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጀልባዋ የምትታሰርበት ውሃ ከወገብ አያልፍምና ለሕይወታቸው አይስጉ። እኔም ከማኅበርዎ የተማርኩትን መለስኩላቸው፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም፣ እስከ ዓርብ ክፉ ነገር አይመጣም አልኳቸው።