ከአባትሽ ጋር ስለ ኒውክሌር ያወራችሁት

ሰሚራዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ ሰላሜ ባለሽበት ይድረስሽ። ከተለያየን ሁለት ረመዳን አለፈ። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ታገሺኝ።

ቤታችን ደህና ነው። የሱቁን በር አረንጓዴ ቀባነው። የፊት ለፊቱ ባሕር ዛፍ ስለተቆረጠ አሁን ደጃፍ ቆሜ ከጎባ የሚመጡትን ሚኒባሶች አያለሁ። አንቺ ትወርጂበት የነበረው ቦታ ላይ ሌሎች መምህራን ሲወርዱ ሳይ በእናቶቻቸው እቀናለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከሁሉ የምቀናው ግን በአባትሽ ነው። ወንዶቹ ሊቀብሩሽ ሲሄዱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ፤ አፈር ያለበሰሽ እሱ ነው። በሕይወት ሳለሽም ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ የምትገቢው ሱቅ ነበር። ሬዲዮውን ከፍታችሁ ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ስትከራከሩ፣ እኔ ሻይ አድርሼ እመለሳለሁ። ቁጭ በይ ያለኝ አልነበረም።

አሁን ዜናው ያንኑ ባነሳ ቁጥር አባትሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ልጄ ነግራኛለች” ብሎ ለደንበኞቹ ያስረዳል። አምስት አገሮች መሣሪያውን እንደያዙ ሌላው እንዳይሠራ ውል ተፈራረሙ፤ የራሳቸውንም ሊተዉ ቃል ገብተው ነበር፣ አልተዉም። ሳይፈርሙ የሠሩም አሉ፤ ከእነሱ የትልቆቹ ወዳጅ የሆነውን ማንም አይጠይቀውም። የፈረመና ወዳጅ የሌለው ግን ተቆጣጣሪ ይላክበታል፣ ማዕቀብ ይጣልበታል፣ አንዳንዴም ቦምብ ይዘንብበታል።

በቀደም አንድ ሾፌር “አባ ሰሚራ፣ እንግዲያ ለሁላችንም አንዳንድ ይታደለን?” ብሎ ቀለደ። አባትሽ “አንተ መጀመሪያ ሚኒባሱን በቅጡ ንዳ” አለውና ሳቁ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የለም፣ ሰሚራ ሁሉም መሣሪያውን ይተው ነው የምትለው” አለ። ከዚያ ምሳሌሽን ነገራቸው። በዲንሾ በኩል ካሎ አለ፣ ለበጋ ተብሎ የሚከለል ሣር። ማንም ከብት እንዳያስገባ መንደሩ ይስማማል። የጠባቂው ከብቶች ግን እዚያው ውስጥ ይሰማራሉ፣ ዝም ይባላል። የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ጊደር አጥሩን ብታልፍ ተይዛ ታሰረች፣ ሴትየዋም ተቀጣች።

የሻይ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ታሪክ የእኔ ነው፣ ልጄ። ጸጉርሽን ስሠራሽ የነገርኩሽ የእኔ የልጅነት አገር ነው። “ጠባቂው አጎቴ ነበር” አልኩ። አባትሽ ዞሮ አየኝና “አንቺ ደግሞ ከየት ሰማሽው?” አለኝ፣ በሰው ፊት። ከእኔ ወጥቶ፣ በአንቺ አፍ አልፎ፣ እሱ ጋ ደርሶ የእሱ ሆነ። በዚያ ቀን የቀናሁትን ቅናት በዕድሜዬ ቀንቼ አላውቅም። በኋላ ግን፣ ሱቅ ውስጥ ከእሱ ጋር ስታወሪ ለካ እኔንም እያነሳሽ ነበር ብዬ አለቀስኩ።

እኔም ግን ባዶ እጄን አይደለሁም። ጎባ ሆስፒታል ሳለሽ፣ በመጨረሻው ቀን እሱ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ የነገርሽኝ አለ። ምን አለችሽ እያለ ለምኖኛል፤ አልነገርኩትም። ሱቅ ውስጥ ያወራችሁትን ከመጀመሪያ ጀምረህ ቁጭ አድርገህ ንገረኝ፣ ያኔ እነግርሃለሁ አልኩት። እሱ ደግሞ አንቺ ቅደሚ ይላል።

ልጄ፣ ሁሉም ይተው አልሽ እንጂ ማን ይቅደም የሚለውን ለማናችንም አልነገርሽንም።

እስክንገናኝ ድረስ ከዱዓዬ አትጠፊም፤ አልረሳሽም። ያልሽኝንም ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

እናትሽ፣ ከሮቤ