የጋሽ አስፋቸው ቁልፍ

ሐረር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኘወርቅ፤

መድኃኔዓለም በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ደኅና ነን። አባትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲሏቸው ግን አይሰሙም።

የምትማሪው፣ ሰው በሥራ ቦታ ስለሚያሳየው ጠባይ ነው ካልሽኝ ወዲህ መሥሪያ ቤታችንን ልብ ብዬ አያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሂስና ግለ ሂስ አለብን። ሁሉም ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ማንንም አይጎዳም ብለን የተስማማንበት ጥፋት ማርፈድ ነው። ባለፈው ሐሙስ ተራው የተላላኪያችን የጋሽ አስፋቸው ሆነ። በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ በሃያ ዓመት አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። የሚናገሩት ጥፋት ሲያጡ «እኔም አረፍዳለሁ» አሉ። አዲሱ ኃላፊ እውነት መስሎት ጻፈው፤ በማግስቱም ቁልፉን ተቀበላቸው።

አሁን ኃላፊው እስኪመጣ ድረስ፣ ከድሬ ጠያራ አቤቱታ ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች ጋር ደጅ እንቆማለን። ጋሽ አስፋቸው ዛሬም ከሁላችን ቀድመው ደርሰው በሩን ተደግፈው ነበር። «ለምን እንዲያ አሉ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጥፋት የለብኝም ብል ትዕቢተኛ እንዳልባል ነው» አሉኝ።

ከሃያ ሰባት ሠራተኛ «እሳቸው አያረፍዱም» ያለ አልተገኘም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ብርዱ ሳይጠናብሽ ሹራብሽን ልበሺ። እመብርሃን ከነሙሉ ጤናሽ ለቤትሽ ታብቃሽ። ለዝምታችን በመጽሐፋችሁ ስም ካለ፣ በደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ስትመጪ በቃልሽ ንገሪኝ።

እናትሽ ሙሉነሽ